ሦስት ሰዓት በሮም፣ ከአንዲት አስጎብኚ ጋር

ሮም ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ስኖር አንድም ቀን አስጎብኚ ቀጥሬ አላውቅም ነበር። ቋንቋውን እናገራለሁ፤ ኮሎሴዎን ወደ ሥራ ስሄድ በአውቶቡስ መስኮት አየዋለሁ፤ ይበቃኛል ብዬ አምን ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ ናት። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ታሪክ አስተማሪ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ራሴ ይዣት ወጣሁ። «ይሄ የማን ሥራ ነው? ያኛውስ ለምን ፈረሰ?» እያለች ጠየቀችኝ፤ ግማሹን እንኳ መመለስ አልቻልኩም። ማታ እራት ላይ «የሚያውቅ ሰው ፈልግልኝ፤ እየተራመደ የሚያወራ» አለችኝ። በሁለተኛው ቀን የግል የእግር ጉብኝት የምትመራ አንዲት ሮማዊት አገኘሁ። እሷን ከተከተልኩ ወዲህ ይህን ሙያ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሳላወድስ አላልፍም።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ አስጎብኚ፣ የእናንተ ቡድን ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰዓት። ክፍያው በቡድን እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ፣ አምስት ስድስት ዘመድ ሆኖ ለሚያዋጣ ሰው እንደሚፈራው አይከብድም፤ የመግቢያ ትኬት ግን ለብቻው ነው። ጣሊያን ውስጥ ሥራው ፈተናና ፈቃድ ይጠይቃል። በ2023 የወጣው ሕግ ፈተናውንም መዝገቡንም አገር አቀፍ አድርጎታል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ ሳታዩ አትከተሉ።

እኔን የሚያናድደኝ ስለዚህ ሙያ የተለመደው አስተሳሰብ ነው። ሰው የግል አስጎብኚ የሚቀጥረው ወረፋ ለመዝለልና በአንድ ቀን ሁሉን አይቶ ለመጨረስ ይመስለዋል። ጠዋት ቫቲካን፣ ቀትር ላይ ኮሎሴዎ፣ ከሰዓት ትሬቪ ፏፏቴ፣ ማታ ትራስቴቬሬ ብሎ ዝርዝር ጽፎ ይመጣና አስጎብኚዋን እንደ ሾፌር ያዛታል። ፎቶው ይሰበሰባል፤ ሰውየው ግን ምንም ሳይጠይቅ ይመለሳል። በሲስቲን ቤተ ጸሎት ውስጥ ጮክ ብሎ ማውራት ክልክል ስለሆነ አስጎብኚዎች ሥዕሉን የሚያስረዱት አስቀድመው ግቢው ውስጥ፣ በተተከሉት ሰሌዳዎች ፊት ቆመው ነው። ያኔ ስልኩን ሲነካካ የቆየው ሰው ውስጥ ከገባ በኋላ «የቱ ነው አዳም?» ብሎ ሊያንሾካሹክ ይሞክራል። ምን ትበለው? ልትመልስለት በማትችልበት ቦታ ነው የጠየቃት። በትልቁ ቡድን ውስጥ ባንዲራ ተከትሎ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የሚሄደው ሰው መጠየቅ ቢፈልግም ዕድሉ የለውም። እናንተ ግን ገንዘባችሁን የከፈላችሁት ለመጠየቅ ነው። ጥያቄያችሁ ደግሞ መንገድ ያስቀይራል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ያየሁት አክስቴ ስትጠይቅ ነው።

የተቀጣጠርነው ከጥንቱ የሮማውያን ቤተ መቅደስ ከፓንቴዎን ፊት ለፊት፣ ፒያሳ ዴላ ሮቶንዳ ላይ ነበር። የኅዳር ዝናብ ይዘንባል። ቀኑ ይለወጥ ልላት ስደውል አስጎብኚዋ «እንዲያውም ዛሬ ነው መምጣት ያለባችሁ» አለችኝ። ለምን እንዳለችው የገባኝ ውስጥ ስንገባ ነው። የፓንቴዎን ጉልላት አናቱ ላይ ክፍት ነው፤ ወደ ዘጠኝ ሜትር የሚሰፋ ክብ ቀዳዳ አለው። በቀዳዳው ዝናብ አይገባም፣ ከታች የሚነሳው ሞቃት አየር መልሶ ይገፋዋል እየተባለ ይወራል፤ እኔም ለእንግዶቼ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ። አስጎብኚዋ ምንም ሳትናገር ወደ መሃል ወሰደችን። ዝናቡ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በገመድ የተከለለው እብነ በረድ ያብረቀርቃል። «ጎንበስ ብለው ይዩት ሲኞራ» አለቻት። አክስቴ በዣንጥላዋ ተደግፋ ጎንበስ አለች። ወለሉ ላይ አውራ ጣት የሚያክሉ ቀዳዳዎች ተፈልፍለዋል፤ ሃያ ሁለት ናቸው። ወለሉ መሃሉ ላይ በስሱ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ ውሃው ወደነሱ ይሄዳል፤ ከዚያ በሥር በተሠራው ቦይ ይወጣል። በ120ዎቹ ዓመታት ገደማ፣ በንጉሥ ሃድሪያኖ ዘመን ያጠናቀቁት ግንበኞች ዝናብ እንደሚገባ አውቀው ተዘጋጅተውበታል። ሞቃት አየር ነው የሚለው ወሬ ያን ልፋት ያስረሳል፤ ለዚህ ነው ከዚያን ቀን ወዲህ ደጋግሜ የምቃወመው።

የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ከጥቂት ነው፤ ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ያለው ከፍታም ያንኑ ያህል። ብረት ሳይገባበት ከተሠራ የኮንክሪት ጉልላት ውስጥ እስከ ዛሬ የሚበልጠው የለም። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀለል ያለ ድንጋይ እየቀላቀሉ፣ ጫፉ ላይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የጨመሩበት። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በጰራቅሊጦስ ዕለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጉልላቱ ላይ ወጥተው በዚያ ቀዳዳ ቀይ የጽጌረዳ ቅጠል ይበትናሉ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ዣንጥላዋን ትታ ወደ ላይ እያየች ብዙ ቆመች።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ዕቅዳችን ፒያሳ ናቮና፣ ከዚያ ትሬቪ ነው። አክስቴ ግን አደባባዩ ላይ ካለው ፏፏቴ መሃል የቆመውን ሐውልት ስታይ ቀጥ አለች። «ይሄ የግብፅ ነው። ማነው እዚህ ያመጣው?» ተረጎምኩላት።

አስጎብኚዋ ወዲያው አልመለሰችም። «ሲኞራ የግብፁ ነው የሚያሳስብዎት ወይስ ማምጣቱ?» ብላ ጠየቀቻት። አክስቴ አላመነታችም፤ «ማምጣቱ» አለች። ከዚያም የአክሱምን ነገር አነሳች። በ1937 ከአክሱም ተጭኖ እዚሁ ሮም ውስጥ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ የተተከለው፣ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልት በ2005 ለሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመለስ ሬዲዮዋን ከፍታ ስትከታተል እንደነበር ነገረቻት። አስጎብኚዋ የያዘችውን ካርታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «እንግዲያው ናቮና ይቅር። ሌላ መንገድ አለኝ» አለች።

ይህን መንገድ በየትኛውም የአውቶቡስ ጉብኝት አታገኙትም። ፓንቴዎን ያለበት ሰፈር ሥር፣ ሮማውያን ለግብፅ አምላክ ለኢሲስ የሠሩት ቤተ ጣዖት ተቀብሯል። ከግብፅ ያስመጧቸው ትናንሽ ሐውልቶች ቤተ መቅደሱ ሲፈርስ አብረው መሬት ዋጣቸው፤ ከዚያ መቶ ዓመታት እያለፉ መሠረትና ጉድጓድ ሲቆፈር አንድ በአንድ ወጡ። ፓንቴዎን ፊት ያለው የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት የዚያ ቤት ነው። ከጀርባው፣ ሳንታ ማርያ ሶፕራ ሚኔርቫ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለው ደግሞ በ1665 ከገዳሙ የአትክልት ቦታ ተቆፍሮ ወጣ፤ ቀራጺው በርኒኒ በ1667 በእብነ በረድ ዝሆን ጀርባ ላይ አስቀመጠው። ጥቂት እንደተራመድን አንድ መንገድ ጥግ ላይ ነጠላ ጫማ ያጠለቀ ግዙፍ የድንጋይ እግር ተቀምጧል፤ እግር ብቻ፣ አካል የለውም። እኔ ለዓመታት በዚያ ጥግ አልፌያለሁ። ከዚያ «የድመቷ መንገድ» በሚባለው ጠባብ መንገድ ገባንና አስጎብኚዋ ወደ አንድ ቤተ መንግሥት ኮርኒስ ጠቆመች፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የእብነ በረድ ድመት ቆማለች። እሷም ከዚያው ቤተ ጣዖት ናት።

መንገድ ላይ ናዞኔ አገኘን። ናዞኔ ማለት አፍንጫ የሚመስል ቧንቧ ያለው የብረት ቦኖ ነው፤ ከ1874 ጀምሮ የተተከሉ፣ በከተማው ወደ ሁለት ሺህ አምስት መቶ የሚጠጉ አሉ። ውሃው የሚጠጣ ነው፤ ሁልጊዜም ይፈስሳል። አስጎብኚዋ የቧንቧውን አፍ በጣቷ ስትደፍነው ውሃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ተፈናጥሮ ወጣ፤ አክስቴ ሳትጎነበስ ጠጣች። «ሌሊትም አይዘጋም?» አለችኝ። አይዘጋም። ሰፈሯ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰው እንዴት አድርጋ እንዳየችው መናገር አያስፈልግም። ሮም መጥታችሁ የላስቲክ ውሃ የምትገዙ ሰዎች ባዶ ጠርሙስ ያዙ እንጂ! ጫማም አስቡበት፤ መንገዱ ሳምፒየትሪኒ በሚባል ጥቁር ጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው፣ ሲዘንብበት ያንሸራትታል፣ ተረከዝ ደግሞ በየመሃሉ ይሰነቀራል።

ከሚኔርቫ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ወዳለ መንገድ ተመለስንና አስጎብኚዋ ምንም የማይታይበት ቦታ ላይ ቆመች። አስፋልት፣ የቆሙ ሞተር ብስክሌቶች፣ ግድግዳ። «እዚህ አካባቢ በ1883 አንድ ሌላ ሐውልት ተቆፍሮ ወጣ» አለች። «እሱን ላሳያችሁ የምችለው ግን ሩቅ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ትሬቪን ከፈለጋችሁ ጊዜ አይበቃንም።» አክስቴ «ትሬቪ ይቅር» አለች። ሮም መጥቶ ትሬቪን የሚተው ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ወደ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ በኩል ሽቅብ ሄድን። የጣቢያው አካባቢ ሐበሻ ሁሉ የሚገናኝበት፣ እንጀራና ቡና የሚገኝበት ሰፈር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ከጣቢያው ፊት ያለውን ሰፊ አደባባይ ስም ሁላችንም እንጠራዋለን፦ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። የትኞቹ አምስት መቶ እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። አስጎብኚዋ ከአደባባዩ ዘወር ብሎ፣ ከዲዮክሌዚያኖ መታጠቢያ ቤቶች አጠገብ ወዳለች ትንሽ የዛፍ ቦታ አስገባችንና ስድስት ሜትር ገደማ የሚሆን የግብፅ ሐውልት ፊት አቆመችን። እግሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳና ጽሑፍ አለ። «ዶጋሊ» ብላ አነበበች።

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ዶጋሊን ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች። ጣሊያን በ1885 ምጽዋን ይዞ ወደ ሰሐጢ ሲገፋ ራስ አሉላ ሰሐጢን አጠቁ፤ በማግስቱ፣ ጥር 26 ቀን 1887፣ ለሰሐጢ ደራሽ ሆኖ የመጣውን የሌተና ኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስን ጦር ዶጋሊ ላይ ደመሰሱት። አምስት መቶዎቹ እነዚያ ናቸው። ያን ጊዜ ሮም መታሰቢያ ፈለገች፤ ከአራት ዓመት በፊት ተቆፍሮ የወጣው የራምሴስ ሐውልት ተገኘ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከጣቢያው ፊት ቆመ፤ በ1920ዎቹ ደግሞ አሁን ወዳለበት ተዛወረ።

«ልጄ፣ አሉላን ታውቂዋለሽ?» አለቻት አክስቴ። አስጎብኚዋ ስሙን ብቻ እንደምታውቅ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል አስጎብኚዋ አክስቴ ሆነች፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ ሮማዊቷ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ትጽፋለች። ይህ በትልቅ ቡድን ውስጥ ሊሆን አይችልም። የሠላሳ ሰው ጊዜ ማን ይሰጣል?

ተራዋ ሲደርስ አስጎብኚዋ የቀረውን ጨመረች። ለገሃር ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ ሮም ሲመጣ፣ በ1937 ያስቀመጡት በዚህ ሐውልት እግር ሥር ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ አንበሳው ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ ሊያስነሡት ቢመጡ ሰይፉን መዘዘ። ከዚያ በኋላ ነፃነት አላየም፤ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ማቆያ አረፈ። አንበሳው ወደ አገሩ ተመልሷል። አክስቴ ለገሃር ባለፈች ቁጥር ታየዋለች፤ የተቀመጠበትን ይህን ቦታ ግን ያየችው ያን ቀን ነው።

ሦስቱ ሰዓት ካለቀ ቆይቷል። ልክፈል ብዬ ብጠይቅም ለተጨማሪው ጊዜ አልቀበልም አለች። በነገራችን ላይ እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ ቡና ጋብዙ፣ ለሌላ ሰው ንገሩላት፤ ሙያው የሚኖረው በዚህ ነው። እኔ ስለ ቡናው ሳወራ አክስቴ መነጽሯን አውጥታ ወደ ሰሌዳው ቀርባለች። የሞቱት ወታደሮች ስም በተራ ሰፍሯል።

«አንብብልኝ» አለች።

ከላይ ጀመርኩ። የአባት ስም፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የራስ ስም። አርባ ያህል ካነበብኩ በኋላ ይበቃታል ብዬ ዞር ብዬ አየኋት።

«ቀጥል» አለችኝ።