ተከሳሽ ለመከራከር ፈቃደኛ ባይሆን የወንጀል ክርክር እንዴት ይመራል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ምድብ ችሎትም ሆነ በሌሎች የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ጉዳያቸው የሚታይ ተከሳሾችና ቤተሰቦቻቸው በተደጋጋሚ የሚያነሱት ጥያቄ አለ፤ ተከሳሹ ቃሉን ባይሰጥ ክርክሩ ይቆማል ወይስ ጥፋተኛ ይባላል? በሕጉ መሠረት ሁለቱም አይደለም።

ዝምታ እንደ ክህደት ይቆጠራል

የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስካልተባለ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠርና በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ መብት ሰጥቶታል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 133 ደግሞ ክሱ ተነቦለት መልስ ያልሰጠ ተከሳሽ ድርጊቱን እንደካደ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። በመሆኑም ክሱን የማስረዳት ግዴታ በዐቃቤ ሕግ ላይ እንደጸና ይቆያል።

አለመከላከል የሚያስከትለው ውጤት

ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹንና ሰነዶቹን አሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን ይመዝናል። ማስረጃው ክሱን ካላስረዳ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። ካስረዳ ግን እንዲከላከል ብይን ይሰጣል። በዚህ ደረጃ መከላከያ ያላቀረበ ተከሳሽ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሳይስተባበል ስለሚቀር የጥፋተኝነት ፍርድ ሊሰጥበት ይችላል።

በቅንጅት አመራሮችና በሌሎች ላይ በ1998 ዓ.ም. በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቀረበው ክስ ይህንን ያሳያል። አብዛኞቹ ተከሳሾች የእምነት ክህደት ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ፍርድ ቤቱ እንደካዱ መዝግቦ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰማ። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. የተወሰኑት በነጻ ሲሰናበቱ፣ ተከላከሉ ተብለው መከላከያ ያላቀረቡት በሰኔ ወር ጥፋተኛ ተባሉ። በሐምሌ ወር የዕድሜ ልክ እስራትን ጨምሮ ቅጣት ከተወሰነ በኋላ በይቅርታ ተፈተዋል።

ተከሳሽ ሳይቀርብ ሲቀር

ተከሳሹ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ተይዞ እንዲቀርብ ያዛል። ሊገኝ ካልቻለና ክሱ ከ12 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ መጥሪያ በጋዜጣ ታውጆ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ጥፋተኛ የተባሉት በዚህ ሁኔታ በሌሉበት ነው።

በሌለበት የተፈረደበት ሰው መጥሪያ ያልደረሰው ወይም ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ያልቀረበ ከሆነ፣ ፍርዱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀናት ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል።

ዝምታና ችሎት መድፈር

ዝም ማለት መብት ነው፤ ችሎት ማወክ ግን ወንጀል ነው። ዳኛን መሳደብ፣ ማስፈራራት ወይም የችሎቱን ሥራ ማወክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 መሠረት እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 3,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል።

ተከሳሾችና ቤተሰቦች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

• ተከሳሹ ዝም ማለትን ቢመርጥም ጠበቃው መስቀለኛ ጥያቄ ማቅረብና የሕግ ክርክር ማድረግ ይችላል።
• ጠበቃ ለማቆም ዐቅም የሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል በሚሆንበት ጊዜ፣ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ የማግኘት መብት አለው፤ ጥያቄውንም ለችሎቱ ያቀርባል።
• የችሎቱን ቋንቋ የማይረዳ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል።
• በቀጠሮ ቀን አለመቅረብ ከዝምታ የተለየ ውጤት ስላለው፣ ለመቅረብ የሚያግድ ችግር ሲያጋጥም ምክንያቱን ከነማስረጃው አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ያስፈልጋል።