ማይክሮዲስክ ሌዘር ምን ያህል ሊያንስ ይችላል?

ማይክሮዲስክ ሌዘር ከሴሚኮንዳክተር የሚሠራ፣ ቅርጹ አንድ እግር ያለውን ክብ ጠረጴዛ የሚመስል እጅግ ትንሽ የብርሃን ምንጭ ነው። የጠረጴዛው ስፋት ብዙውን ጊዜ ጥቂት ማይክሮሜትር ሲሆን ውፍረቱ ከአንድ ማይክሮሜትር በታች ነው።

ማንኛውም ሌዘር ብርሃንን የሚያጎላ ቁስና ብርሃኑን በዚያ ቁስ ውስጥ ደጋግሞ የሚያመላልስ ማቆያ ያስፈልገዋል። በተለመዱት ሌዘሮች ማቆያው ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መስታወቶች ናቸው። ማይክሮዲስክ ግን መስታወት የለውም። ሴሚኮንዳክተር ከአየር ይልቅ ብርሃንን በጣም ስለሚያዘገይ፣ ጠርዙን በሰያፍ የመታ ብርሃን ወደ አየር መውጣት አቅቶት ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ እንደዚህ እየተመላለሰም ዳር ዳሩን ይዞራል። ይህን ዓይነት የሞገድ ጉዞ የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ በለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጥንተውታል። በካቴድራሉ ጉልላት ሥር ግድግዳው አጠገብ የተንሾካሾከ ሰው ድምፅ ክቡን ግድግዳ ተከትሎ ከማዶ ይሰማል። በዲስኩ ውስጥ የሚጸናው ግን አንድ ዙር ጨርሶ ሲመለስ ከራሱ ጋር የሚገጥም ብርሃን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ቁሱ ከሚያጎላቸው ቀለሞች መካከል ሌዘሩ የሚሰጠውን በአብዛኛው የሚወስነው የዲስኩ ስፋት ነው።

የመጀመሪያውን ማይክሮዲስክ ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1992 ያስተዋወቁት የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ማኮል፣ ሌቪ፣ ስለሸርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ዲስኮቹ ከ3 እስከ 10 ማይክሮሜትር ስፋት ነበራቸው፤ የሚሠሩትም በፈሳሽ ናይትሮጅን ቀዝቅዘው ከሌላ ምንጭ ብርሃን ሲመገቡ ነበር።

ዲስኩን ከዚያ በታች ማሳነስ ዋጋ ያስከፍላል። ኩርባው በጠነከረ ቁጥር ብርሃን ወደ ውጭ ያፈተልካል፤ ይህም ብክነት ቀስ በቀስ ሳይሆን በእጥፍ ድርብ ነው የሚያድገው። ይበልጥ አስቸጋሪው ግን ጠርዙ ነው። ዲስኩ ሲያንስ ከመሃሉ ይልቅ የጠርዙ ድርሻ ይበዛል። በጠርዙ ላይ የቀረ ሻካራነት ብርሃኑን ይበትናል፤ በዚያ ያሉት የተቆረጡ የአተም ትስስሮች ደግሞ ብርሃን ሊሰጡ የሚችሉ ኤሌክትሮኖችን ይዘው ጉልበታቸውን ሙቀት ያደርጉታል። ለሙቀቱ ዋናው መውጫ ያው ቀጭን እግር ነው። በኢንዲየም ፎስፋይድ ቤተሰብ ያሉ ቁሶች የሚመረጡት ጠርዛቸው ኤሌክትሮን የሚያባክነው ከጋሊየም አርሴናይድ በጣም ባነሰ ፍጥነት ስለሆነ ነው። ሌላው መፍትሔ ኳንተም ዶት ነው፤ ኤሌክትሮኑ በጥቃቅን ጉብታዎች ውስጥ ተይዞ ስለሚቆይ ወደ ጠርዙ አይሸሽም።

የመጀመሪያዎቹ ዲስኮች በብርሃን ቢመገቡም፣ ለቺፕ የሚፈለገው ሌዘር ግን በኤሌክትሪክ መሥራት አለበት። በጃፓን የቶሺሂኮ ባባ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2000 በ40 ማይክሮአምፔር ብቻ የሚነሳ ማይክሮዲስክ አሳየ። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲና የአይሜክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ዲስክን ከሲሊከን የብርሃን መስመር ጋር ሲያጣምሩ ግን ስፋቱ 7.5 ማይክሮሜትር፣ መነሻ ፍሰቱም 0.5 ሚሊአምፔር ነበር። ለሥራ የቀረበው ከትንሾቹ የሚበልጠው መሆኑ አይገርምም፤ ሽቦና የብርሃን መስመር የሚያገናኝ ሰው ቦታ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ፍጹም ክብ ዲስክ ብርሃኑን በሁሉም አቅጣጫ ስለሚረጭ አንዳንዶች ቅርጹን ሆን ብለው ያዛባሉ።

እጅግ ትንሾቹ የተሻለ ቦታ ያገኙት በሕያው ሴል ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ሽቦ አያስፈልግም፤ ብርሃን በማይክሮስኮፕ ይገባል፣ በዚያው ይወጣል። በስኮትላንድ የሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሱ ዲስኮችን ሴሎች እንዲውጡ አድርገው በውስጣቸው አብርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በቦስተን የሚገኝ የሕክምና ምርምር ቡድን ሁለት ማይክሮሜትር ገደማ የሚሰፉ ዲስኮችን በሲሊካ ሸፍኖ በሴሎች ውስጥ አስገባ። በስፋታቸው ጥቂት የሚለያዩ ዲስኮች የየራሳቸው ጠባብ ቀለም ስላላቸው፣ በብዙ ሺህ ሴሎች መካከል አንዱን ከሌላው ለይቶ መከታተል ተችሏል።