ማደንዘዣ የሚነካቸው በሮች

የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በ1846 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ፣ በታዛቢዎች ፊት፣ በሽተኛን በኤተር አደንዝዞ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት አስቻለ። ጥበቡ ብዙም ሳይቆይ ዓለምን አዳረሰ፤ አሠራሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። የተከማቸው ማስረጃ ዛሬ ወደ አንድ መደምደሚያ ይመራል፦ ማደንዘዣ በዋናነት የሚሠራው የነርቭ ሕዋስን ሽፋን በጅምላ በማናጋት ሳይሆን፣ በሽፋኑ ላይ ያሉትን የአዮን መተላለፊያ ፕሮቲኖች በመንካት ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን የሶዲየም፣ የፖታሲየም፣ የካልሲየምና የክሎራይድ አዮኖች የሚያሳልፉ በሮች ናቸው። የነርቭ መልእክት የሚጓዘውም በእነርሱ መከፈትና መዘጋት ነው።

የቀድሞው አስተሳሰብ መሠረት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሃንስ ሜየርና ቻርልስ ኦቨርተን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ፣ በወይራ ዘይት ይበልጥ የሚሟሟ ማደንዘዣ ይበልጥ ኃይለኛ መሆኑን በየፊናቸው ደረሱበት። የሕዋስ ሽፋን ቅባት ስለሆነ መድኃኒቱ ቅባቱን ያላላል ተባለ። ይሁንና የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ ሲጨምርም ቅባቱ በዚያው ልክ ይላላል፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ቢላዋ እስከማይሰማው አይደነዝዝም። በ1984 እ.ኤ.አ. ኒኮላስ ፍራንክስና ዊልያም ሊብ በጨለማ ከሚያበራ ጥንዚዛ የተገኘን፣ ቅባት የሌለበትን ፕሮቲን ማደንዘዣዎች ሥራውን እንደሚገቱት አሳዩ። ፕሮቲንም በውስጡ ቅባት የሚስማማው ጎድጓዳ ስፍራ ስላለው የወይራ ዘይቱ ግኝት ከዚህ ጋር አይጣላም።

ለምሳሌ ፕሮፖፎል የሚባለው ማደንዘዣ፣ ጋባ የተባለው አረጋጊ ኬሚካል የሚከፍተውን የክሎራይድ በር ክፍት አድርጎ ያቆየዋል፤ ክሎራይድ ሲገባ ሕዋሱ መልእክት ለመላክ ይሳነዋል። ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ከዚህ በር ፕሮቲን አንዷን አሚኖ አሲድ ብቻ ቀየሩ። ፕሮፖፎል የተሰጣቸው እነዚህ አይጦች እግራቸው ሲቆነጠጥ መሰብሰባቸውን አልተዉም። ኬታሚን ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላል፦ ግሉታሜት የተባለው ኬሚካል የሚከፍተውን ኤንኤምዲኤ የሚባል በር ይደፍናል። እንደ ሃሎቴን ያሉት የሚተነፈሱ ማደንዘዣዎች በበኩላቸው ፖታሲየም የሚያስወጡ በሮችንም ይከፍታሉ፤ ያኔም ሕዋሱ ይረጋጋል።

የተለወጡትን አይጦች የሚተነፈሱት መድኃኒቶች ማደንዘዛቸው አልቀረም፤ ታዲያ የበሩ ማስረጃ ፈረሰ? አልፈረሰም። የሚያሳየው ማደንዘዣ ሁሉ በአንድ በር እንደማያልፍ ነው። ኬታሚን የወሰደ በሽተኛ ዓይኑን እንደገለጠ ሊደነዝዝ፣ ፕሮፖፎል የወሰደው ደግሞ ትንፋሹ ሊቆም የሚችለውም የሚነኩት በር ስለሚለያይ ነው። ዳያዜፓም የተባለው መድኃኒትና አልኮልም ያንኑ የክሎራይድ በር ስለሚነኩ የሚያስፈልገውን የማደንዘዣ መጠን ይለውጣሉ። ስለዚህ ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ምን መድኃኒት እንደሚወስድና ምን ያህል እንደሚጠጣ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳይደብቅ ይንገር፤ ሕይወቱን ከሚጠብቁለት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።