ወረርሽኝና የከፍተኛ ትምህርት ጉዞ፤ ከቶሮንቶ ኮሌጆች ልምድ ምን እንማራለን?

፩. መግቢያ

የትምህርት ቤት በር በወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጋ ሁለት ነገሮች ይመዘናሉ፤ አንደኛው የተማሪው ጤና፣ ሁለተኛው የተማሪው ዕድሜ ነው። በሩን መዝጋት የመጀመሪያውን ሲጠብቅ ሁለተኛውን ይጎዳል፤ እንደ ተከፈተ መተው ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። እንግዲህ አንድ ኮሌጅ በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ሲገባ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «እንክፈት ወይስ እንዝጋ?» የሚል ብቻ አይደለም። የትኛው ትምህርት በምን መንገድ፣ በየትኛው ክፍል፣ ከስንት ሰው ጋር ሊሰጥ ይችላል የሚለውን አንድ በአንድ መመርመር ይኖርበታል።

በዚህ ጽሑፍ ለማብራራት የምንሞክረው የቶሮንቶ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከ2020 እስከ 2022 በነበረው የኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ይህን ጥያቄ እንዴት እንደ መለሱ ነው። ጉዳዩን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚህ ከተማ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ ልጆቹን የሚልከው፣ ራሱም ከሥራ መልስ በማታ የሚማረው በእነዚህ ተቋማት ስለ ሆነ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ሁለተኛ፣ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በአንድ ግቢ እያሳደሩና እየመገቡ የሚያስተምሩ በመሆናቸው ተላላፊ በሽታ ሲነሣ ከማንም ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ሌላ ካልተገለጸ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

፪. ከተማው ቀደም ሲል የቀመሰው

ቶሮንቶ ለወረርሽኝ እንግዳ አልነበረችም። በ1937 የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በተስፋፋ ጊዜ የከተማው ትምህርት ቤቶች መከፈቻ ተራዝሞ ነበር። በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶቿ የተዘጉባት የአሜሪካዋ ቺካጎ ለሕፃናቷ ትምህርትን በራዲዮ አሰራጭታለች። በመሆኑም በ2020 አዲስ ግኝት መስሎ የታየው የርቀት ትምህርት ያን ጊዜ እንኳ ተሞክሮ ነበር ማለት ነው።

ይበልጥ ቅርብ የሆነው ትዝታ ግን የ2003ቱ ሳርስ ነው። በሽታው በካናዳ 44 ሰዎችን ሲገድል አብዛኞቹ የቶሮንቶና የአካባቢዋ ሰዎች ነበሩ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወሸባ ገብቷል፤ የሕክምና ተማሪዎችም ከሆስፒታል ልምምዳቸው እንዲታገዱ ተደርጓል። ከዚያ በኋላ በዳኛ አርቺ ካምቤል የተመራው አጣሪ ኮሚሽን የመጨረሻ ሪፖርቱ በጥር 2007 ይፋ ሲሆን ያሰመረበት ዐቢይ ቁም ነገር፣ አደጋን ለመቀነስ የሚወሰድ ተገቢ እርምጃ ሳይንሳዊ ማረጋገጫ ሙሉ በሙሉ እስኪገኝ ድረስ መጠበቅ የለበትም የሚል ነበር። ከ13 ዓመት በኋላ ይኸው ከተማ በአዲሱ በሽታ ሲጠቃ፣ ምክሩ በመደርደሪያ ላይ እንጂ በሁሉም ዘንድ በተግባር እንዳልነበረ ታየ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው የአገራችን ብሂል እዚህም ይሠራል።

፫. በጥቂት ቀናት የተዛወረው ትምህርት

በካናዳ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ የተገኘው በጥር 2020 መጨረሻ በዚሁ በቶሮንቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 11 ቀን ሁኔታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ጠራው፤ የኦንታሪዮ መንግሥት መጋቢት 17 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐወጀ። የቶሮንቶና የዮርክ ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ ሳምንት የገጽ ለገጽ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ኢንተርኔት ተሻገሩ፤ ኮሌጆቹም ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ።

ሽግግሩ ፈጣን ይሁን እንጂ ሁሉንም የትምህርት ዐይነት በእኩል አላስተናገደም። እንደ ሰዋስው፣ ታሪክና ሒሳብ ያሉ ትምህርቶች፣ ጉድለት ቢኖርባቸውም፣ በስክሪን ሊሰጡ ይችላሉ። ለምሳሌ ከ2017 ጀምሮ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን የግዕዝ ቋንቋ ብንወስድ፣ ጥቂት ተማሪዎች አንድ ጽሑፍ ይዘው ከመምህር ጋር የሚያነቡት በመሆኑ ለዚህ የሚያመች ባሕርይ አለው። የብየዳ፣ የጥርስ ሕክምናና የነርስነት ትምህርት ግን ከዚህ የተለየ ነው። መርፌ መውጋትን በፊልም የተማረ ነርስ ለታማሚው ሌላ አደጋ ይሆናል።

የፈተናው ጉዳይም ራሱን የቻለ ችግር ነበር። በአንድ አዳራሽ በአንድ ሰዓት የሚሰጥ ፈተና ተማሪው በተለያየ አገርና በተለያየ የሰዓት ቀጠና ሲበተን ትርጉሙን ያጣል። ስለዚህ ብዙ መምህራን ፈተናን በጽሑፍ ሥራ ተኩ። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበባትና የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከቁጥር ነጥብ ይልቅ «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ተብሎ እንዲመዘገብላቸው የመምረጥ ዕድል በስፋት ተሰጣቸው። ይህ ውሳኔ በተማሪው ላይ ያልታሰበ መከራ በወረደበት ወቅት የወደፊት ዕድሉ እንዳይበላሽ የታሰበ ነበር።

፬. አየር፤ ዘግይቶ የታወቀው ዋና ጉዳይ

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከፍተኛ ገንዘብና ጉልበት የፈሰሰው ጠረጴዛ በመወልወል፣ የፕላስቲክ መከለያ በመትከልና በወለል ላይ የሁለት ሜትር ምልክት በማድረግ ነበር። ይህ የሆነው በሽታው በዋናነት በአቅራቢያ በሚፈናጠር ጠብታና በእጅ ንክኪ ይተላለፋል ተብሎ ስለ ታመነ ነው። ይሁን እንጂ ሰው ሲናገርና ሲተነፍስ የሚወጡት እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተንሳፍፈው እንደሚቆዩ የሚያመለክተው ማስረጃ እየበዛ ሄደ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 ይህን የመተላለፊያ መንገድ በግልጽ አስፍሯል። ለአንድ ኮሌጅ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። መምህር ለሁለት ሰዓት ጮክ ብሎ በሚናገርበት ክፍል ውስጥ የሁለት ሜትር ርቀት ብቻውን ዋስትና አይሆንም ማለት ነውና።

የመሐንዲሶቹ መለኪያ «የአየር ልውውጥ በሰዓት» ይባላል። ይኸውም የክፍሉን ይዘት የሚያህል ንጹሕ አየር በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል ማለት ነው። 10 ሜትር በ8 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል 240 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ስድስት ልውውጥ እንዲኖረው በሰዓት 1,440 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ያስፈልገዋል። አየሩ በሚገባ ከተደባለቀና አዲስ የሚጨምርበት ሰው ከሌለ፣ በክፍሉ ያለው ብክለት 99 ከመቶው እስኪወገድ ሁለት ልውውጥ ባለው ክፍል 138 ደቂቃ፣ ስድስት ባለው 46 ደቂቃ፣ ዐሥራ ሁለት ባለው 23 ደቂቃ ይወስዳል።

ይህን ወደ ተማሪው ሕይወት እንመልሰው። አንዱ ክፍል ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ያለው ዕረፍት 10 ደቂቃ ነው እንበል። ስድስት ልውውጥ ባለው ክፍል የቀድሞዎቹ የተዉት ብክለት ወደ 37 ከመቶ ሲወርድ፣ ሁለት ብቻ ባለው ክፍል ከ70 ከመቶ በላይ የሚሆነው ተከታዮቹን ይጠብቃቸዋል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለመማሪያ ክፍሎች ስድስት ልውውጥ የሚለው ግብ መያዙና የተሻለ ማጣሪያ መገጠሙ ከዚህ ስሌት የመነጨ ነው። ማሽን በሌለበትም መስኮትና በር ከፍቶ አየር እንዲተላለፍ ማድረግ፣ ዕረፍቱን ማራዘም፣ የተማሪውን ቁጥር መቀነስ ወደዚያው አቅጣጫ ይወስዳሉ። በቶሮንቶ ክረምት መስኮት መክፈት ፈታኝ ነው፤ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር ግን ሰማዩ ራሱ አጋዥ ነው።

፭. በስክሪን የማይሰጠው ትምህርት

ከተግባራዊ ትምህርቶች ሁሉ ለወገኖቻችን ቅርብ የሆነው «ፒ.ኤስ.ደብልዩ» በሚል አጽሕሮተ ቃል የሚታወቀው የአረጋውያንና የሕሙማን ድጋፍ ሰጪነት ሙያ ነው። በዚህ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም እናቶች፣ የሚተዳደሩበት ሥራ ነው። በ2020 የመጀመሪያው ማዕበል በካናዳ ከሞቱት ሰዎች ውስጥ ከአምስቱ አራቱ ያህል በአረጋውያን መኖሪያዎች ውስጥ የነበሩ ናቸው። አስተማሪው ኮሌጅ እንግዲህ ተማሪውን ከአደጋ ለማራቅ ሲል ትምህርቱን ቢያቆም፣ ሠራተኛ በማጣት የሚሞተው አረጋዊ ቁጥር ይጨምራል።

መፍትሔው የትምህርቱን ክፍል በሁለት መክፈል ነበር። ንባቡና ውይይቱ በኢንተርኔት ሲሰጥ፣ እጅ የሚጠይቀው ልምምድ ጥቂት ተማሪዎችን በተራ እያስገቡ፣ ጭንብልና መከላከያ ልብስ አስለብሰው በግቢው ውስጥ ቀጠለ። ከተማው ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጥብቅ እገዳ ሥር በወደቀበት ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለው ትምህርት በገደብ ተፈቅዶ ነበር። በየካቲት 2021 ደግሞ የኦንታሪዮ መንግሥት ከ115 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመመደብ እስከ 8,200 የሚደርሱ አዲስ ድጋፍ ሰጪዎችን ለማሠልጠን ወሰነ። በ24ቱ የመንግሥት ኮሌጆች የተሰጠው ሥልጠና ለተማሪው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ስድስት ወር የሚፈጀው ይህ ትምህርት የኋለኛው ሦስት ወር ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ልምምድ ነበር። ችግሩን እንደ እንቅፋት ብቻ ሳይሆን የትምህርቱን ዘመን ለማሳጠርና የድኻውን ተማሪ ሸክም ለማቃለል እንደ ምክንያት የተጠቀሙበት መሆኑ ሊመሰገን ይገባል።

፮. ክትባትና መተማመን

በ2021 በጋ በከተማው ክትባት በስፋት ሲገኝ ሴኔካ ኮሌጅ ወደ ግቢው የሚገባ ተማሪና ሠራተኛ ሁሉ መከተብ እንዳለበት ካሳወቁት የካናዳ ተቋማት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነ። ከመስከረም 2021 ጀምሮ የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሁሉ የክትባት መመሪያ እንዲኖራቸው የጤና ኃላፊው አዘዙ። መመሪያው ተቃውሞ አልጎደለውም። ግዴታ ለተከተቡት መጽናናትን ሲሰጥ፣ ያልተከተቡትን ከትምህርት ገበታ ማራቁ ግን የማይካድ ዋጋ ነበረው። ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ በታኅሣሥ 2021 ሲዛመት የተከተበም ሰው መያዙ ክትባት ብቻውን በቂ አለመሆኑን አሳየ። ከባድ ሕመምንና ሞትን ግን መቀነሱ አልቀረም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ በጥር 2022 እንደገና ለጥቂት ሳምንታት ወደ ኢንተርኔት የተመለሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ትእዛዝ ያለ መተማመን ሩቅ እንደማይሄድ ከተማው ራሱ መስክሯል። የቶሮንቶ ጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሐምሌ 2020 ባወጣው መረጃ፣ በበሽታው ከተያዙት 83 ከመቶ የሚሆኑት ነጭ ካልሆነው የኅብረተሰብ ክፍል የመጡ ናቸው፤ ይህ ክፍል ግን ከከተማው ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ከዮርክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጎን ያለው የጄንና የፊንች ሠፈር ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። በፋብሪካና በመጋዘን የሚሠራ፣ በአውቶቡስ ተጣብቦ የሚጓዝ፣ ሦስት ትውልድ በአንድ አፓርታማ የሚኖር ቤተሰብ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው ቢዘጋም ቤቱ አይጠብቀውም። ለእርሱ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት መከፈቱ ከኢንተርኔት ትምህርት ያልተናነሰ ዋጋ ነበረው። የግቢው ደኅንነት ከአጥሩ ውጭ ካለው ሠፈር ደኅንነት ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

፯. ወደ አገራችን ስንመለስ

የእኛም ሕዝብ ከወረርሽኝ ጋር ረጅም ትውውቅ አለው። በ1911 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የገባው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉና የማጠኑ ልማድ ከዚያ መከራ ትዝታ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

በመጋቢት 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ በተገኘ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። ለታችኛው ደረጃ በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ለማስተላለፍ ተሞከረ። በኢንተርኔት የሚሰጠው ግን ለብዙው የገጠር ተማሪ የማይደረስበት ነበር። በሰኔ 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተዘጋ ጊዜ፣ በእርሱ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት ምን ያህል ተሰባሪ እንደ ሆነ ግልጽ ሆነ። ተቋማቱ የተከፈቱት በዓመቱ መጨረሻ፣ በየደረጃው ነው።

ከቶሮንቶ ልምድ ለአገራችን የሚበጀው እንግዲህ ውድ የሆነው መሣሪያ አይደለም ብለን እናምናለን። የሚበጁት አራት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ከወረርሽኙ በፊት እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የትኛው ትምህርቱ በርቀት፣ የትኛው በግቢ ብቻ እንደሚሰጥ ለይቶ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የማደሪያና የመማሪያ ክፍሎች መስኮት የሚከፈት፣ አልጋዎቹም የተራራቁ ይሁኑ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከሚጨናነቅ ተማሪው በየፈረቃ ይጠራ። ሦስተኛ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚተካ የታተመ ጥራዝና የራዲዮ ትምህርት አስቀድሞ ይዘጋጅ። አራተኛ፣ የሕክምናና የነርስነት ተማሪ በችግር ጊዜ ከሥራ የሚርቅ ሳይሆን ተጠብቆ የሚሠለጥን ይሁን።

፰. ማጠቃለያ

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2023 የኮቪድ ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ዐውጇል፤ ጭንብሉም መመሪያውም ከቶሮንቶ ግቢዎች ተነሥተዋል። የሚያሰጋን የሳርስ ሪፖርት የገጠመው ዕጣ ነው፤ ትምህርቱ ተጽፎ ከተቀመጠ በኋላ መረሳቱ። በስደት የምንገኝ የትምህርት ሰዎች በዚህ ረገድ ልንወጣው የምንችለው ግዴታ አለብን። በየተቋሞቻችን ያየነውን፣ የሠራውንና ያልሠራውን ሳንሸፋፍን በራሳችን ቋንቋ ጽፈን ለአገር ቤት ባልደረቦቻችን ልናደርስ ይገባል። የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ የአንድ ትውልድ ተማሪ ዕድሜ እንዳይባክን ከፈለግን፣ የዝግጅቱ ጊዜ ሕመሙ ጋብ ያለበት ይህ ጊዜ ነው።