አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ለምን ይረብሻል?

በ1838 (እ.ኤ.አ.) ከፎቶግራፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ሉዊ ዳጌር ከመስኮቱ ሆኖ የፓሪስን ቡልቫር ዱ ታምፕል አነሳ። ሰውና ሠረገላ የማይጠፋበት ጎዳና ነው፤ ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ጎልቶ የሚታየው ጫማውን የሚያስጠርግ አንድ ሰው ከነሊስትሮው ነው። ምስሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ይፈጅ ስለነበር፣ የተንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፍቶ ባለበት የቆየው ቀረ። የጥንቱ ፎቶ ብዙውን ጊዜ የሚረብሸን እንዲህ፣ ማንም ሊያስደነግጠን ሳያስብ ነው።

ምስሉን የሚቀርጸው ኬሚካልም የራሱ ድርሻ ነበረው። ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ፣ ለቀይ ግን ዕውር ስለነበር ሰማያዊ ዓይን ነጣ ብሎ፣ ቀላ ያለ ፊት ጠቆር ብሎ ይወጣ ነበር። ቀረጻው ደቂቃዎች ሲፈጅ ደግሞ ሕፃን አርፎ እንዲቀመጥ እናቱ ከራስ እስከ እግሯ ጨርቅ ለብሳ፣ ወንበር መስላ ታቅፈው ነበር። ለእኔ ከእነዚህ ፎቶዎች የበለጠ የሚከብድ የለም፤ ልጁ እኛን ያያል፣ ያቀፉት እጆች ግን ፊት የላቸውም።

የሟቾች ፎቶም በስፋት ይነሳ ነበር፤ ለብዙ ቤተሰብ የልጁ ብቸኛ ምስል እሱ ነው። «ሬሳ አቁመው ያነሱት» እየተባሉ የሚዞሩት ግን አብዛኞቹ በሕይወት የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከኋላቸው የሚታየው ብረት ሕያው ሰው እንዳይነቃነቅ የሚደግፍ እንጂ ሬሳ የሚሸከም አይደለም። ሟቹን የሚያነሱት እንደተኛ ወይም በወላጅ እቅፍ ነበር። ሐዘናቸውን ማስፈራሪያ ማድረግ በደል ይመስለኛል።

በ1862 የአሌክሳንደር ጋርድነር ፎቶዎች ኒውዮርክ በሚገኘው የማቲው ብራዲ ጋለሪ ታዩ፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ አንቲተም ላይ የወደቁ ወታደሮችን አስከሬን የከተማው ሰው በዓይኑ አየ። ፎቶ አንሺው ዊልያም መምለር ደግሞ በፎቶ ላይ ከደንበኞቹ ጀርባ «መንፈስ» እያወጣ ይሸጥ ነበር፤ በ1869 በማጭበርበር ተከሶ በነጻ ተለቀቀ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ረብሻው ሆን ተብሎ መጣ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የፎቶ አንሺዋን የዲያን አርበስን የመንትዮች ፎቶ ነው። እኔ የማስቀድመው ግን የኬንታኪውን መነጽር ሠሪ ራልፍ ዩጂን ሚትያርድን ነው፤ ልጆቹን ጭንብል አልብሶ በፈራረሱ ቤቶች ውስጥ ያነሳ ነበር። በ1972 ከመሞቱ በፊት በሠራው የመጨረሻ ሥራው ባለቤቱ ማዴሊን አስቀያሚ ጭንብል አድርጋ ከዘመድ ወይም ከወዳጅ ጎን ትቆማለች፤ ጎኗ ያለውም ጭንብል አድርጓል። አቋቋማቸው ግን የማንኛውም የቤተሰብ አልበም አቋቋም ነው።