ከስልክ እስከ መዝገብ ቤት፦ በኢንተርኔት የተሰበሰበ ፊርማ እንዴት አቤቱታ ይሆናል?

ዜጎች በጋራ ጉዳዮቻቸው ላይ ድጋፍ ለማሰባሰብ ኢንተርኔትን መጠቀም ከጀመሩ ቆይተዋል። የተበላሸ የመጠጥ ውኃ መስመር እንዲጠገን፣ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ወይም ለጤና ጣቢያ ባለሙያ እንዲመደብ የሚጠይቅ አንድ ጽሑፍ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ አዲስ አበባና ውጭ አገር ከሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ዘንድ ሊደርስና በርካታ ስሞችን ሊያሰባስብ ይችላል። ይሁን እንጂ የፊርማው ቁጥር ቢበዛም ጉዳዩ በየትኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ሊቀር ይችላል። የዚህ ማብራሪያ ዓላማ በኢንተርኔት የተሰበሰበ ድጋፍ ምላሽ ሊሰጥበት የሚገባ አቤቱታ የሚሆንበትን መንገድ ማሳየት ነው።

መብቱ ከየት ይመነጫል?

አቤቱታ ማቅረብ በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ የሚገኝ ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ደንግጓል። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ባለሥልጣንም ተጠያቂ እንደሚሆን ይገልጻል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያስረዳል።

ሕገ መንግሥቱ አቤቱታ የሚቀርበው በወረቀት ብቻ ነው አይልም። በመሆኑም በኢንተርኔት ድጋፍ ማሰባሰብ የዚሁ መብት አንዱ መገልገያ ተደርጎ ሊታይ ይገባል። ልዩነቱ የሚመጣው ድጋፉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

የፊርማ ቁጥር ብቻውን ምን ያስገኛል?

በአንዳንድ አገሮች የፊርማ ቁጥር በራሱ ውጤት አለው። በእንግሊዝ ፓርላማ የአቤቱታ ድረ ገጽ 10,000 ፊርማ ያገኘ ጥያቄ ከመንግሥት የጽሑፍ ምላሽ ያገኛል፤ 100,000 ሲደርስም በፓርላማው ለክርክር እንዲቀርብ ይታያል። በኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 119 መሠረት ማንኛውም ሰው ለፓርላማ አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው።

በኢትዮጵያ በኢንተርኔት የተሰበሰበ ፊርማ ይህን ያህል ሲደርስ መሥሪያ ቤት መልስ የመስጠት ግዴታ ይጣልበታል የሚል የቁጥር ወለል አልተደነገገም። ስለዚህ በውጭ አገር ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ የተሰበሰበ 20,000 ፊርማ ለወረዳው አስተዳደር እስካልቀረበ ድረስ በወረዳው ዘንድ እንዳልቀረበ ይቆጠራል። በአንጻሩ 60 አባወራዎች የፈረሙበትና በመዝገብ ቤት ገቢ የተደረገ ማመልከቻ ቀን፣ ቁጥርና ተጠያቂ ክፍል ይኖረዋል። ብዛት ክብደት ይጨምራል፤ ጉዳዩን የሚያስጀምረው ግን ሥልጣን ላለው አካል መድረሱ ነው።

በአካባቢው ያለ ልምድ

ለጎጃም ሕዝብ በጋራ አቤት ማለት አዲስ ነገር አይደለም። አቤቱታ የሚለው ቃልም «አቤት» ከሚለው ጥሪ ጋር የተያያዘ ነው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር እንዲከፈል አዋጅ በወጣ ጊዜ ዳሞትን ጨምሮ በተለያዩ የጎጃም አውራጃዎች የሚኖሩ ገበሬዎች ተወካዮቻቸውን እስከ አዲስ አበባ በመላክ ቅሬታቸውን ለማሰማት ሞክረዋል። አቤቱታው በጊዜው ተገቢውን መልስ ባለማግኘቱ ጉዳዩ ወደ ግጭት አምርቶ ሕይወት ጠፍቷል። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ከቦታው ተነሥተው ውዝፍ ግብር ተሰርዟል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ሁለቱንም ወገን ይመለከታል። ዜጋው አቤቱታውን በሰላም ማቅረብ ይገባዋል፤ መሥሪያ ቤቱም የቀረበለትን አቤቱታ በወቅቱ ሰምቶ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ድጋፍም የራሱ ድርሻ አለው። የአክሱም ሐውልት እንዲመለስ ምሁራንና የአክሱም ነዋሪዎች ለዓመታት ፊርማ ሲያሰባስቡና ሲወተውቱ ቆይተዋል፤ የሐውልቱ የመጨረሻ ክፍል በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አገሩ የገባው ግን ሁለቱ መንግሥታት በይፋ ተነጋግረው ከተስማሙ በኋላ ነው። የሕዝብ ግፊትና ይፋዊው መንገድ ተደጋግፈው ሲሄዱ ውጤት እንደሚገኝ ይህ ያሳያል።

ጉዳዩ የማን ነው?

አቤቱታ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች አንዱ ለማይመለከተው አካል መቅረቡ ነው። ፊርማ ማሰባሰብ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን ለመወሰን ሥልጣን ያለው አካል ተለይቶ መታወቅ አለበት።

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ ውስጥ ያለ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የቆሻሻ አወጋገድ ወይም የገበያ ቦታ ጥያቄ በቅድሚያ የሚቀርበው ለየከተማው አስተዳደር ነው። በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያና በሌሎች የገጠር ወረዳዎች የቀበሌ መንገድ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጉዳይ ከቀበሌው ተነሥቶ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ወረዳው መልስ ያልሰጠበት ወይም ከአንድ ወረዳ በላይ የሚመለከት ጉዳይ ፍኖተ ሰላም ለሚገኘው የምዕራብ ጎጃም ዞን አስተዳደር፣ ከዚያም ባሕር ዳር ለሚገኘው የክልሉ ቢሮ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ግን በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርን ይመለከታል፤ የኤሌክትሪክ አቅርቦት ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን። እነዚህን ለወረዳ አስተዳዳሪ ብቻ ማቅረብ ጊዜ ያባክናል፤ ለወረዳው ግልባጭ ማድረግ ግን ይጠቅማል።

ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል የሚጠይቅ አቤቱታ እንደ ሕጉ ዓይነት ለክልሉ ምክር ቤት ወይም ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። የምርጫ ክልሉ ተወካይ ጉዳዩን እንዲያውቁት ማድረግም ተገቢ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 አንድ የምክር ቤት አባል መራጩ ሕዝብ አመኔታ ባጣበት ጊዜ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ሊወገድ እንደሚችል ስለሚደነግግ፣ ተወካዩ የመራጩን አቤቱታ የመስማት ኃላፊነት አለባቸው።

ጽሑፉ ምን መያዝ አለበት?

ጥሩ አቤቱታ አጭር ነው። ችግሩ ምን እንደሆነ፣ የት ቦታና ከመቼ ጀምሮ እንደተከሰተ፣ ማንን እንደጎዳ፣ እስካሁን ለማን ቀርቦ ምን መልስ እንደተሰጠ፣ በመጨረሻም ምን እንዲደረግ እንደሚጠየቅ ይገልጻል። «መንግሥት ለቀበሌያችን ትኩረት ይስጥ» የሚል ጽሑፍ ሺህ ሰው ቢፈርምበትም አንድ ኃላፊ ሊወስንበት የሚችል ነገር አይዟል። «ከቀበሌው ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መንገድ ባለው ወንዝ ላይ የእግረኛ መሸጋገሪያ ይሠራልን፤ የሚሠራ ከሆነ በየትኛው የበጀት ዓመት እንደታቀደ፣ የማይሠራ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልን» የሚል ጥያቄ ግን አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ያስፈልገዋል።

ጉዳዩን የሚያስረዱ ፎቶግራፎች፣ ቀደም ሲል የተጻፉ ደብዳቤዎችና የቀበሌ ስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች በአባሪነት ቢያያዙ አቤቱታውን ያጠናክሩታል። ያልተረጋገጠ ወሬ፣ ስድብና የግለሰብን ስም የሚያጎድፍ ቃል ግን ጥያቄውን ከማዳከም አልፎ አቅራቢውን በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ በሚሰራጩ ጽሑፎችም ላይ ተፈጻሚ ነው።

ፊርማ፣ ማንነትና የግል መረጃ

በኢንተርኔት የተሰበሰበ ዝርዝር ሲቀርብ ከመሥሪያ ቤቱ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ «እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» የሚል ነው። ስለዚህ የቀበሌው ነዋሪዎችና ከሌላ ቦታ ድጋፋቸውን የሰጡ ሰዎች በሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ቢቀርቡ ይመረጣል። የነዋሪዎቹ ዝርዝር ሙሉ ስምና ቀበሌ የያዘ፣ በተቻለ መጠንም በእጅ የተፈረመ መሆን ይኖርበታል። ጉዳዩን የሚከታተሉ ሁለት ወይም ሦስት ወኪሎች በቃለ ጉባኤ ተመርጠው አድራሻቸው በማመልከቻው ላይ ይጻፋል።

የፋይዳ ቁጥር፣ የስልክ ቁጥርና የመኖሪያ ቤት አድራሻ ማንም ሊያየው በሚችል ገጽ ላይ መለጠፍ የለበትም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎች የግል መረጃ ሊሰበሰብና ሊያዝ የሚገባበትን ሥርዓት ደንግጓል። ድጋፍ አሰባሳቢዎች ለጉዳዩ ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ ባይጠይቁ፣ የተሰበሰበውንም ከተፈለገበት ዓላማ ውጭ ባይጠቀሙበት ፈራሚዎችን ከጉዳት ይጠብቃል።

የፊርማ ዘመቻ የሕግ የጊዜ ገደብን አያስቆምም

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ጉዳይ ይህ ነው። የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በተገነባባት ቡሬና መሰል የልማት አካባቢዎች መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ሊለቀቅ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የይዞታ ማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ወይም በካሣው ቅር የተሰኘ ሰው ለአቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎም ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ቅሬታውን የሚያቀርብበትን ሥርዓት ዘርግቷል። ለዚህም የቀን ገደብ ተቀምጧል። አንድ አርሶ አደር የኢንተርኔት ፊርማው እስኪበዛ ሲጠብቅ የይግባኝ ቀኑ ካለፈበት፣ ድጋፉ ምንም ያህል ቢበዛ የጠፋውን መብት መልሶ ለማግኘት ይቸገራል። ስለሆነም ትእዛዙ እንደደረሰ ቀኑን መዝግቦ የግል ቅሬታን በወቅቱ ማቅረብ፣ የጋራ አቤቱታውን ደግሞ ጎን ለጎን ማካሄድ ይገባል። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም በፊርማ ሳይሆን በክርክርና በይግባኝ ይወሰናል።

ማስረከብና መከታተል

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ለመዝገብ ቤት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ወኪሎቹ ይይዙታል። በኢሜይል የተላከ ከሆነ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምላሽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመሥሪያ ቤቱ ሰነድ ወይም መረጃ ማግኘት ካስፈለገ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ያግዛል። ጠያቂው መረጃውን ለምን እንደፈለገ እንዲያስረዳ አይገደድም፤ መሥሪያ ቤቱም ቢበዛ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔውን ማሳወቅ አለበት።

መልስ ከዘገየ በቅድሚያ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊና ለቅሬታ ሰሚ ክፍሉ ማመልከት ይገባል። በዚያም መፍትሔ ካልተገኘ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ላለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። ተቋሙ የአስተዳደር በደልን የሚመለከት አቤቱታ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ያለ ክፍያ ይቀበላል። ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የሰጡትን ውሳኔና በፍርድ ቤት በክርክር ላይ ያለ ጉዳይን ግን አይመረምርም።

ኢንተርኔት ለሌለው ዜጋ

የገጠሩ ነዋሪ ሁሉ ዘመናዊ ስልክና የማያቋርጥ ኔትወርክ የለውም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ በስልክ ብቻ ላይ የተመሠረተ ማንኛውም እንቅስቃሴ ሊቀጥል እንደማይችል ታይቷል። ስለዚህ ዝርዝሩ በወረቀትም መያዝ አለበት። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነዋሪዎች ጽሑፉ ተነብቦላቸው ከተስማሙ በኋላ የጣት አሻራቸውን ሊያኖሩ ይችላሉ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በዕድር ስብሰባ ወይም በገበያ ቀን የሚሰበሰብ ፊርማ በስልክ ከሚሰበሰበው አያንስም፤ በችግሩ የተጎዳው ሰው ራሱ የፈረመበት በመሆኑም ለወሳኙ አካል ይበልጥ ግልጽ ማስረጃ ይሆናል።

በአጠቃላይ ኢንተርኔት የተበታተነን ድምፅ በአጭር ጊዜ ያሰባስባል። ያንን ድምፅ ሥልጣን ወዳለው አካል ማድረስ፣ የገቢ ቁጥሩን መያዝና መልሱን በጽሑፍ መጠየቅ የዜጎች ድርሻ ነው። የደረሰውን አቤቱታ መርምሮ መፍትሔ መስጠት፣ መፍትሔ መስጠት ካልተቻለም ምክንያቱን በግልጽ ማሳወቅ ደግሞ የእያንዳንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዴታ ነው።