የአጥቢያው ደንና የድንጋዩ ካብ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አማኑኤል የሚጓዝ መንገደኛ፣ በጤፍና በስንዴ ማሳ መካከል ከሩቅ ጥቅጥቅ ያለ ደን ባየ ጊዜ፣ ጉልላቱ ገና ሳይታየው በዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃል። ጽዱና ወይራው በሌላው ስፍራ ለማገዶና ለቤት ሥራ ካለቀ በኋላ በዚህ ተርፎ የቆመው፣ ደመወዝተኛ ዘብ ጠብቆት ሳይሆን፣ አበው ዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑን የገነት ምሳሌ አድርገው ስላዩትና ምሳር የሚያነሣበትን በግዝት ስለከለከሉ ነው።

ይሁን እንጂ ግዝት ሰውን ይመልሳል እንጂ ከብትን አይመልስም። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል፤ ሀብቱ የሚያስደንቅ ነው። ነገር ግን ከብት እንደ ልቡ በሚገባበት ደን፣ ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ሳለ ተተኪው ቡቃያ እየተጋጠና እየተረገጠ ይጠፋል። ከዚህም የሚብሰው፣ የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር ከአፈር ሥር ለረጅም ዘመን ተቀብሮ የማይቆይ መሆኑ ነው፤ እናቲቱ ዛፍ ከወደቀች በኋላ ምድሪቱን ብቻ አምኖ ልጇን መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለዚህ በግዝቱ ብቻ የሚመኩ ሰዎች፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የቆመውን ይቈጥራሉ እንጂ የሚመጣውን አያስቡም።

መድኃኒቱ የተገኘው ከማሳው ነው። ዶክተሩ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ባበረታቱት ሥራ፣ ምእመናኑ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካቡ፤ ለማረሻ እንቅፋት የነበረው ድንጋይ ከእርሻው ሲለቀም ለገበሬው መሬቱ ጠራለት፣ ለደኑም አጥር ሆነለት። ድንጋይ ለማንሣትና ለመደርደር ሊቅነት አያሻም፤ በደቦ አዝመራ መሰብሰብ የለመደ አገር ለዚህ እንግዳ አይደለም። በየቅጥሩ እየገባ ያለው ባሕር ዛፍ ግን ሌላ ፈተና ነው፤ ፈጥኖ አድጎ ለአጥቢያው ገንዘብ ስለሚያስገኝ፣ በጽዱ ቦታ እርሱን መትከል ብዙዎችን ያጓጓል።

ካቡ በደኑ ጠርዝ ላይ ቢቆም ያለውን ብቻ ይከልላል፤ ጥቂት ራቅ ብሎ ቢሠራ ግን ቡቃያው ወደ ውጭ የሚስፋፋበት ስፍራ ያገኛል። ያ ጥቂት ስፍራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአዋሳኙ ገበሬ እርሻ ወይም የከብቱ መሰማሪያ ስለሆነ፣ የሰበካ ጉባኤው የመጀመሪያ ሥራ ከድንጋዩ አስቀድሞ ከእርሱ ጋር መስማማት ነው።